ለጋሪ የተጠመደው የበዓል ፈረስ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ በቀለች፣ በመምህር አየነው በኩል

እናቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመሻል? መምህር፣ እርስዎስ እንደምን ከርመዋል? ደብዳቤዬን የሚያነቡላት እርስዎ ስለሆኑ ሁለታችሁንም በአንድ አፍ ሰላም ማለቱ ይሻለኛል። አለዚያ የእናቴን ሰላምታ አንብበው እስኪጨርሱ የራስዎን ሲጠብቁ መቆየትዎ ነው።

እናቴ፣ ስለ ሳሌ ለጠየቅሽኝ፣ ለቆኛል። አጎቴም ሚስቱም እንደ ልጃቸው አድርገው ይዘውኛል፤ ስለ ምግቤ አታስቢ። ድርቆሹና ጋቢው በደህና ደርሰውኛል። ድርቆሹን የክፍል ጓደኞቼ ቀምሰውት አሁን በየሰኞው «እናትህ አልላከችም?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለደብተርና ለልብስ የላክሽልኝም ደርሶኛል። አባባ ካረፈ ወዲህ ይቸግርሻል ብዬ ስፈራ ዘንድሮ ጭራሽ ሳይጓደል መምጣቱ አስደንቆኛል። ከየት እያመጣሽ ነው? በሬዎቹን ሸጠሽ እንዳይሆን አደራሽን።

ዳማ እንዴት ነው? አባባ ከሞተ ማንም ስለማይጋልበው ሰውነቱ እንዳይተሳሰር እፈራለሁ። ለጋሽ ምህረቴ ንገሪውና አልፎ አልፎ አውጥቶ ያፍታታው። የፈረሰኛው ማኅበር አለቃ ከመሆኑም በላይ የአባባ የልብ ጓደኛ ነበርና እምቢ አይልሽም። ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአባባ ሙት ዓመት እንደሚታሰብ አልረሳሁም። የሟቹ ፈረስ የበዓል ልብሱን ግላሱን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ከጓደኞቹ ፈረሶች ጋር ሲሰለፍ የልጓሙን ዛብ የሚይዘው ልጁ ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ፈተና ላይ ነኝ። የሚይዝልኝን ሰው ካሁኑ አስቢበት።

መምህር፣ አሁን ደግሞ ለብቻዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። የፊዚክስ መምህራችን ህንዳዊ ነው፤ እንግሊዝኛም እሱው ነው የሚያስተምረን። ባለፈው ሳምንት ጠቆር ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ሁለት ስስ ሰሌዳዎች ይዞ መጣ። አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ወደ መስኮቱ ሲያነሳቸው የውጭው ዛፍ ይታየናል። አንደኛውን ሰሌዳ እዚያው እንዳለ ሲያዞረው ግን ድርግም ብሎ ጨለመ። ብርሃን በየአቅጣጫው እየተርገበገበ ይመጣል፤ ሰሌዳው በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ብርሃንን «ፖላራይዝ» ማድረግ ይባላል ብሎ አስረዳን። ቃሉ ለሰውም ያገለግላል አለ። አንድ ጉዳይ ሰውን በሁለት ጫፍ አቁሞ መሃሉን ባዶ ሲያስቀረው፣ ጉዳዩ ሰዎቹን ፖላራይዝ አደረጋቸው ይባላል። እንግዲህ ሁለት ዓረፍተ ነገር አምጡ፣ አንዱ ከሳይንስ፣ አንዱ በአገራችሁ ከምታውቁት ኑሮ ይሁን ብሎን ሄደ።

የሳይንሱን እዚያው ጻፍሁት። የኑሮው ግን ጠፋኝ። በእኛ ደብር ሰው የሚጣላው በድንበርና በከብት ነው፤ እሱም ቢሆን ሁለት ሰው ይጣላል እንጂ አገር አይከፈልም። ካለዎት አንድ ምሳሌ ያቀብሉኝ።

ልጅሽና ተማሪዎ
እንየው ገበየሁ


ዳንግላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንየው

የምናገረው እኔ እናትህ ነኝ፤ የሚጽፈው መምህር አየነው ነው። እሱ ሲጽፍ ቅንድቡን ስለሚቋጥር የኔን ነገር ይጻፍ የራሱን አላውቅም። (በአገውኛ የሚነግሩኝን በአማርኛ አስቀምጣለሁ እንጂ አንድም አልጨምርም። የኔ ሐሳብ ሲኖር እንዲህ በቅንፍ አጥሬ አኖረዋለሁ። አየነው።)

ሳልህ ለቀቀህ? እሰይ፣ ተመስገን። አጎትህንና ሚስቱን እግዜር ይስጣችሁ፣ ልጅ አይጥፋባችሁ ብላችኋለች በልልኝ። ለጓደኞችህም ድርቆሽ ጨምሬ ልኬያለሁ፤ የሰው ልጅ እየለመነህ ብቻህን እንዳትበላ።

ከየት እያመጣሽ ነው ላልኸኝ፣ እስካልሰረቅሁ ድረስ ምን አስጨነቀህ? በሬዎቹ አሉ። (በሬዎቹ መኖራቸው እውነት ነው።)

ዳማ ደህና ነው። ሰውነቱ ተፍታቷል። ገብስ አላጎደልሁበትም፤ ፀጉሩም ያበራል። በየቀኑ ይሄዳል። (ይህም እውነት ነው።)

ለምህረቴ ንገሪው ላልኸው ደግሞ፣ ምህረቴ ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል። (ይህን አልጽፍም ብዬ ነበር። ጻፍ ስላሉኝ ጻፍሁ።)

ስለ ጥር 23 አታስብ። ዛብ የሚይዝ ሰው አይጠፋም። ቢጠፋም እናትህ አለሁ። አንተ ትምህርትህን ተማር፣ ብርድ እንዳያገኝህ ጋቢውን ደርበው፣ ሌላውን ለኔ ተወው።

እናትህ በቀለች

ከዚህ በታች ያለው የኔ የአየነው ነው። ስለ ሁለቱ ሰሌዳዎች የጻፍህልኝን ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው፤ ሰሌዳዎቹን ካላየን አናምንም አሉኝ። እኔም ሳላይ ማመኔን ስነግራቸው ሳቁብኝ። ይህን የመሰለ ነገር ወደ ኋላ ተመልሰህ ለኔ ስለምታካፍለኝ አመሰግንሃለሁ።

ምሳሌ ለጠየቅኸኝ እነሆ። በአንድ ደብር የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት የባሏን የበዓል ፈረስ ዳንግላ ከተማ ጋሪ ላይ ጠመደችው። ይህ ጉዳይ ደብሩን ፖላራይዝ አደረገው። ገሚሱ፣ ለጊዮርጊስ የሚያጌጥ ፈረስ የሸቀጥ ጆንያ አይጎትትም፤ ይህ የሟቹን ስም መጣል ነውና ከዚህ ፈረስ ጋር አንሰለፍም ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ ፈረስ በጉልበቱ ቤት ቢያቆም ምን ነውር አለው ባይ ነው። ከቅዳሴ ሲወጣ አንዱ ወገን በደቡቡ በር፣ ሌላው በሰሜኑ በር መውጣት ጀምሯል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው አልቀረም። ምሳሌውን የሚጽፍልህ መምህር ራሱ ፈረሰኛ ስለሆነ ከከልካዮቹ ወገን ነው። ከዚህ ውስጥ የሚበቃህን መርጠህ ዓረፍተ ነገርህን ሥራ። የሴትዮዋ ስም አያስፈልግህም።

አየነው


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 22 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለአቶ አየነው፣ ለብቻዎ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔስ እንዴት እንደሰነበትሁ አላውቀውም። ምሳሌዎን ያነበብሁት ክፍል ውስጥ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ «ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ።

የሴትዮዋ ስም አያስፈልግህም ይላሉ። በዳንግላ ዙሪያ ባሏ የሞተባት፣ የበዓል ፈረስ ያላት፣ ልጇ «ከየት እያመጣሽ ነው?» ሲላት የምትቆጣ ስንት ሴት አለች? «በየቀኑ ይሄዳል» ያለችውን ሳነብ የአክስቴ ልጅ ጋሽ አዝመራው እየጋለበው ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የለበስሁት ሸሚዝ ዳማ ጎትቶ ያመጣው ነው። ትናንት አውልቄ አስቀመጥሁት፤ ሌላ ስለሌለኝ ዛሬ መልሼ ለበስሁት። እንዲህ አድርጌ ተናድጄ አላውቅም።

ለኔ ስትል እናቴ ከአገር ተጣልታለች። አባባን ሬሳውን ተሸክመው ከቀበሩት ሰዎች ጋር ተጣልታለች። ይህን ዝም ብዬ አላይም። የመንፈቁን ፈተና እንደጨረስሁ ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ፤ ዳማን ከጋሪው እፈታዋለሁ።

እስከዚያው ግን የጥር 23ቱ ሰልፍ እንዳያልፍ ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት ለፈረሰኛው ማኅበር ጽፌያለሁ። በእናቴ ስም ይቅርታ ጠይቄበታለሁ። ባሏ ሞቶባት፣ ተጨንቃ፣ ባለማወቅ ያደረገችው ነውና ማሩን፤ ጥር 23 ዳማን ከመካከላችሁ አትለዩት ብያለሁ። ታኅሣሥ 23 ማኅበሩ ሲሰበሰብ ያንብቡልኝ። ጋሽ ምህረቴ ይህን ከሰማ ልቡ ይራራል። ለእናቴ ግን አያንብቡላት፤ ታፍራለች።

ከእርስዎ በቀር የምለምነው ሰው የለኝም። ወገንዎ ከወዲያ መሆኑን ነግረውኛል፤ ስላልደበቁኝ አመሰግናለሁ። ይህ ወረቀት ለእርስዎም ወገን የሚጠቅም ስለሆነ እምቢ አይሉኝም።

ተማሪዎ እንየው


ዳንግላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለእንየው

(ሰላምታ ይቅደም ብላቸው «ሰላምታ ለደህና ልጅ ነው» ብለው እምቢ አሉኝ። ስለዚህ ሰላምታው ከኔ ነው፤ እንደምን አለህልኝ? አየነው።)

ባለማወቅ ያልኸው ማንን ነው? እኔን ነው? ይህን አሮጌ ፈረስ ውርንጭላ ሳለ በእጄ ወተት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ከአባትህ ቀድሞ የሚያውቀው የኔን ድምፅ ነው። ተጨንቃ ያልኸውስ ማን ነገረህ? አንድ ቀን ተጨንቄ አየኸኝ?

ስለ ዳማ ለልጄ አንዲት ቃል እንዳትነግረው ብዬ መምህርን አስምዬው ነበር። አሁን ስቆጣው «እኔ የጻፍሁለት ስለ እንግሊዝኛ ነው» ይለኛል። (ስለ እንግሊዝኛ ነው።)

ወረቀትህን ይዞ መጣ። «እንየው አያንብቡላት ብሎኛል፤ ነገር ግን በእርስዎ ስም የተጻፈን ቃል እርስዎ ሳይሰሙት አደባባይ አላወጣም» ብሎ ከዳር እስከ ዳር አነበበልኝ። ይህን ልብ አድርገህ ስማኝ። ይህ ሰው ከነምህረቴ ወገን ነው። ቤቴ በመጣ ቁጥር «ዳማን ይፍቱት፣ ይፍቱት» እያለ ጆሮዬን ይበላኛል። ያንን ወረቀት በመጪው ስብሰባ ላይ ቢያነበው ነገሩ ያን ዕለት ያልቅ ነበር፤ ሴትዮዋ ራሷ አጥፍቻለሁ ብላለች ተብሎ እነሱ ይረቱ ነበር። አላደረገውም። በኪሱ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። (እዚህ ላይ ስለ እኔ ገና ብዙ ተናግረዋል። ዘለልሁት።)

ለምን እንደጠመድሁት ልንገርህ። አባትህ ከሞተ በኋላ ዳማ በረት ውስጥ ቆሞ ቀረ። አባትህ ይመጣበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ አንገቱን አውጥቶ ወደ በሩ ያያል። እኔም ተቀምጬ ወደ በሩ አያለሁ። ገብሱን አይበላም፤ እኔም እንጀራዬን አልበላም። የእህቴ ልጅ አዝመራው የጋሪው ፈረስ ሞቶበት ሥራ ፈትቶ ነበርና አንድ ቀን ጠርቼ «ና ውሰደው» አልሁት። አዝመራው ራሱ ደንግጦ «የአጎቴን ፈረስ?» አለኝ። ውሰደው አልሁት። ያን ዕለት ዳማ ከዳንግላ ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጆሮውን አቁሞ ገባና ገብሱን ጠራርጎ በላ። አጠገቡ ቆሜ አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት። አባትህ ፈረስን የሚወደው ስለሚሄድለት ነው እንጂ ስለሚቆምለት አልነበረም። (እዚህ ላይ አልስማማም። ነፍሱን ይማረውና ገበየሁ ፈረሱን ለጭነት የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ሆኖም የወይዘሮ በቀለች ቃል ከላይ የተጻፈው ነው።)

እንግዲህ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥር 23 ዳማ ግላሱን ለብሶ፣ የባሌ ኮርቻ ተጭኖበት ከጓደኞቹ ፈረሶች ጋር ይሰለፍ። በማግስቱ ጋሪውን ይጎትታል። ሁለቱንም የሚያደርገው አንዱ ፈረስ ነው፤ ደብቄ አላሰልፈውም። ይህን ካልወደዱ የገበየሁ ሙት ዓመት ያለ ፈረስ ያልፋል። እንዲህ እንዳይሆን ጊዮርጊስን እለምነዋለሁ፤ እነሱን ግን አልለምንም።

አንተ ደግሞ አትመጣም። ትምህርትህን ትተህ የመጣህ ዕለት ዳማ ያላበው ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ሸሚዙን ልበሰው። ሲያልቅ ሌላ አለ።

እናትህ በቀለች

እንየው፣ ወረቀትህን በዚሁ መልሼ ልኬልሃለሁ። አያንብቡላት ያልኸኝን በማፍረሴ ይቅር በለኝ። ወገኔ እንዲረታ እፈልጋለሁ፤ በዚህ መንገድ ግን አይደለም።

አየነው


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴና ለማከብርዎ መምህሬ

የገና በዓል እንዴት አለፈላችሁ? ሰላምታ ለደህና ልጅ ነው ስላልሽ፣ እናቴ፣ ደህና ልጅ መሆኔን ሳላስረዳ ሰላም ልልሽ አፈርሁ። ማሪኝ። ላንቺ ብዬ የጻፍሁት ወረቀት ሳላውቀው ጥፋተኛ አድርጎሽ ነበር። በረቱ ውስጥ ዳማና አንቺ ወደ በሩ ስታዩ የነበረውን አልነገርሽኝም ነበርና አላወቅሁም። ይህን ያነበብሁ ዕለት እራት አልበላሁም፤ የአጎቴ ሚስት ልታስታምመኝ ተነሳች። ሸሚዙን ለብሼዋለሁ። አልመጣም፤ እማራለሁ። ጋሽ አዝመራውን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ለዳማም ንገሪልኝ፤ ድምፅሽን ያውቀዋል ብለሻልና ካንቺ አፍ ይስማው።

መምህር፣ ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ ብዙ ወረቀት ቀደድሁ። የእርስዎ ወገን የሚረታበትን ነገር እጅዎ ላይ ባስቀምጥልዎ፣ ወስደው ለእናቴ ሰጡልኝ። ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል ቢኖረኝ እሱን እጽፍልዎ ነበር።

ዓረፍተ ነገሩን በመጨረሻ ጻፍሁት። «የአንዲት እናት ፈረስ ደብራችንን ፖላራይዝ አደረገው» ነው የሚለው። ህንዳዊው መምህራችን ትክክል ነው ብሎ ምልክት አደረገበትና ታሪኩን ንገረን አለኝ። ለክፍሉ ተነስቼ ነገርኋቸው። ስጨርስ «ይህን ሁሉ በምን አወቅህ?» አለኝ። እናቴ ትናገራለች፣ ከወዲያኛው ወገን የሆነው መምህሬ ይጽፍልኛል አልሁት። ጢሙን አሻሸና «ቃሉ እኮ መሃሉ ባዶ ነው ይላል። ታዲያ እነዚህ ሁለት ሰዎች ወረቀቱን የት አስቀምጠው ነው የሚጽፉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን የቤታችን መደብ ታየኝ። እርስዎ አጎንብሰው ሲጽፉ፣ እናቴ ከራስጌዎ ቆማ ስትቆጣዎ ታየኝና ከሳቁት በላይ ሳቅሁ።

የታኅሣሡ ስብሰባ ምን ሆነ? ጋሽ ምህረቴን ሰላም ይበሉልኝ። ስለ ምንም አልለምነውም። አባባ ታሞ በነበረ ጊዜ በየማለዳው እየመጣ ፊቱን ያጥበው የነበረው እሱ መሆኑን እንዳልረሳሁ ብቻ ይንገሩልኝ።

እንየው


ዳንግላ፣ ጥር 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ተማሪዬ ለእንየው

እናትህ ደህና ናቸው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር «በቃ፣ ታስለቅሰኛለህ» ብለው ነጠቁኝ። መደቡን ያነሳህበት ላይ ግን ስቀዋል።

ስለ ስብሰባው ለጠየቅኸኝ፣ ማኅበሩ ሳይስማማ ተበተነ። ምህረቴ፣ ዳማ ከተሰለፈ የኔ ፈረስ አይሰለፍም ብሎ ተነሳ። ከሌላኛው ወገንም፣ ዳማ ካልተሰለፈ እኛም የለንም ያሉ አሉ። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ፣ በዕለቱ የወደደ ይምጣ ያልወደደ ይቅር ብለው መርቀው አሰናበቱን። ስለዚህ ጥር 23 ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እናትህ ግን ግላሱን ከሳጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል።

ከሌላ ሰው እንዳትሰማው አንድ ነገር ልንገርህ። በስብሰባው ላይ እኔም ተነስቼ፣ የጋሪ ፈረስ ከበዓል ፈረስ ጋር አይሰለፍ ብዬ ተናግሬያለሁ። የማምነውን ነው የተናገርሁት። እናትህም ይህን ያውቃሉ። ከስብሰባው ስመለስ በደጃቸው ሳልፍ ጠርተው እራት አብልተውኛል። ስበላም «ዛሬ ብዙ ተናግረሃል አሉ፤ ርቦህ ይሆናል» ብለውኛል።

ሰላምታህን ለምህረቴ አድርሻለሁ። እሱም «ልጁ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በፈተናህ በርታ።

አየነው


ዳንግላ፣ የካቲት 3 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለእንየው

ጽሕፈቱ እንደተለወጠ አይተህ መምህር ታመመ ብለህ እንዳትደነግጥ። ደህና ነው። ይህን የምትጽፍልኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ባለቤት ስሜነሽ ናት። መምህር የራሱ ነገር ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ «ይህን አልጽፍም» እያለ አስቸገረኝ። በቅንፉ እየዘለለኝ ስንት ጊዜ ይኖራል? ስለዚህ ዛሬ ጋሪው ላይ ወጥቼ ወደ ስሜነሽ መጣሁ። አገውኛ አትሰማም፤ በተሰባበረው አማርኛዬ ነው የምነግራትና የተበላሸ ነገር ካለ የኔ ነው።

ፈተናህን በደህና መጨረስህን ሰምቼ ጊዮርጊስን አመስግኛለሁ። እንዴት ዋላችሁ ላልኸኝ፣ ሁሉን አልነግርህም፤ ስትመጣ የሚነግርህ አገር ሙሉ ሰው አለ። እኔ የምነግርህ ስለ መምህር ነው።

የዕለቱ ዕለት ማለዳ ዳማን አዝመራው አጥቦት፣ ግላሱን አልብሶት፣ የአባትህን ኮርቻ ጭኖበት ነበር። በጋሪው የተላጠው ትከሻው ከግላሱ ሥር ይታያል። ልሸፍነው እንዴ ሲለኝ ተወው አልሁት። ዛቡን ራሴ ልይዝ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜያለሁ። በዚህ መሃል መምህር በበሩ ገባ። የራሱን ፈረስ ቤት ትቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ በእግሩ ነው የመጣው።

«ወይዘሮ በቀለች፣ ሐሳቤን ለወጥሁ ብለው እንዳያስቡ» አለኝ። «የበዓል ፈረስ ጋሪ አይጎትትም። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ግን ገበየሁ ልጁን ያስተማረው በኔ እጅ ነው፤ ልጁ ከሌለ ዛቡን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ዛቡን ሰጠሁት። ምን እንዳልሁት አላስታውስም፤ በአገውኛ ይሁን በአማርኛ እሱንም አላስታውስም።

መጀመሪያ ሲወጡ መምህርና ዳማ ብቻቸውን ነበሩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ ከኋላ ሆኜ እከተላለሁ። ከዚያ የእኛ ወገን ያልናቸው ፈረሰኞች ተከተሉ። ቀጥሎ ከነምህረቴ ወገን አንድ ሁለት እያሉ እየወጡ ሰልፉ ውስጥ ገቡ። የመምህርን ፊት አይተው ነው እንጂ የኔን ነገር ወደው አይደለም፤ ሲሰለፉ እንኳ ያጉረመርሙ ነበር። እያጉረመረሙም መጡልኝ። ምህረቴ አልተሰለፈም። ራቅ ብሎ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ዳማ በፊቱ ሲያልፍ ግን ወረደ። መሬት ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላ ምንም አላደረገም፤ ለኔ በቃኝ።

ልጄ፣ ከኔ ጋር የተስማሙትን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው የማመሰግናቸው። ከኔ ጋር ያልተስማማ ሰው የባሌን ፈረስ ሲመራልኝ ግን ልቤ የሆነውን የምነግርህ ቃል የለኝም። መምህር ሳይለወጥ ነው ያከበረኝ። እኔም አልተለወጥሁም፤ በማግስቱ ዳማ ጋሪው ላይ ነበር። መምህርም በማግስቱ መጥቶ «ይፍቱት» አለኝ። እንዲያው እስክሞት ይበለኝ። ትልቅ ሰው ስትሆን ከሱ ጋር በማትስማማበት ነገር ሁሉ በደንብ ተከራከረው፤ እጁን ስመህ ግን ጀምር።

የዛሬውን ነግሬህ ላብቃ፤ ስሜነሽም እጇ ደከመ። ቅቤ ልሸጥ ስመጣ እኔና አዝመራው መንገድ ላይ ምህረቴን አገኘነው። ፈረሱ እግሩን ስላመመው በእግሩ ወደ ገበያ ይሄዳል። «ና ውጣ» አልሁት። «በገበየሁ ፈረስ አልጎተትም» አለኝ። እሺ አልሁት። እለፉ አይለን፣ ወደኋላ አይቀር፤ የጋሪውን ጠርዝ በእጁ ይዞ ከጎኔ ይራመድ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ አባትህ ወጣት ሳለ ዝናብ ሲመታቸው የሆነውን አንድ ነገር አነሳ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ከአባትህ ሞት ወዲህ ያላወራኝን ሁሉ አወራኝ፤ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። አዝመራው፣ ምህረቴ እንዳይደክመው ብሎ ዳማን እያዘገመ ነዳው።

ዳንግላ ስንደርስ ገበያው ተበትኗል። ቅቤዬን ይዤ ነው የምመለሰው።

እናትህ በቀለች